የቅዳሜ ሸክላ አድማጮች

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልክ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የልብስ ሰፊዋ ባል የሸክላ ማጫወቻውን ክዳን ይከፍታል፤ ያን ጊዜ ቤቱ ጸጥ ይላል። የስፌት መኪናዋ እንኳ መቆም አለበት። «ሞተሩ ድምፁን ያበላሽብኛል» ይላል መነጽር ሠሪው ባሏ፤ ለሰኞ የተቀጠረ የሙሽራ ቀሚስ እዚያ ተጎልቶ እያየ።

ሳሎን ውስጥ ሦስት ወንበር አለ፤ አንዱ የሱ፣ አንዱ የታናሽ ወንድሙ፣ አንዱ የጎረቤታቸው የጥርስ ሐኪሙ። እሷማ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከግድግዳው ወዲያ ሻይ ታፈላለች። እነሱ የሚሰሙትን የሮክ ሙዚቃ የምትጠላ ብትሆን ኖሮ ግልግል ነበር። ችግሩ መውደዷ ነው። ከሁሉ የሚያንገበግባት ባሏ አንድ ቀን እንኳ፣ ለወጉ ያህል፣ «አንቺም ነይ ተቀመጪ» አለማለቱ ነው። ራሷ ልትጠይቀው ደግሞ ክብሯ አይፈቅድላትም።

የዛሬው ሸክላ ባሏ ነፍሱን የሚሰጥለት፣ በወር አንዴ የማይቀር ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ሲያልቅ መርፌውን አነሳና ወደ እንግዶቹ ዞረ።

«እህሳ? የመጨረሻው ዘፈን ላይ ምን ሰማችሁ?»

ወንድሙ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። እንቅልፉን ሲለጥጥ ነበር። «ጊታሩ… ጊታሩ አሪፍ ነው።»

«እኔም እሱን ልል ነበር» አለ የጥርስ ሐኪሙ።

«ወይ እናንተን ብሎ አድማጭ! ጆሮ ያለው አንድ ሰው እንኳ ይጥፋ?»

ሻዩን ይዛ በሩ ላይ የቆመችው ሚስቱ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ።

«ድራሙ ይቸኩላል» አለች። «ቤዝ ጊታሩ ሊይዘው ይሞክራል፤ ሲያቅተው ጊዜ አብሮት ይሮጣል። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ።»

ባሏ ወደ በሩ ዞረ። «ማን ነገረሽ?»

«ግድግዳው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?»

ይሄ ባሰባት። ትሪውን የወንድምየው ጭን ላይ አስቀመጠችው። «ጠርተኸኝ ታውቃለህ? የሰው ጥርስ ነቃይ ከጎረቤት ስትጠራ፣ እኔ እዚህ አልነበርኩም?»

ሐኪሙ ማንም ሳይነግረው ከወንበሩ ተነሳ። እሷም ተቀመጠች። ባሏ ጆሮው ድረስ ቀልቶ መርፌውን ወደ መጀመሪያው ዘፈን መለሰው።

ድራሙንና ቤዙን በቃሏ ታውቃቸዋለች። አሁን ግን ዘፋኙ ከእያንዳንዱ ስንኝ በፊት ትንፋሽ ሲስብ ሰማች፤ አጠገቧ የተቀመጠ ያህል። ጣቶች በጊታሩ ክር ላይ ሲንሸራተቱ ሰማች። ግድግዳው ይህን አንድም ቀን አሳልፎላት አያውቅም። እንባዋ መጣ፤ በመምጣቱም ይብስ ተናደደች።

«እንዴት ነው?» አለ ባሏ፣ ፈራ ተባ እያለ።

«ዝም በል» አለችው። «ሃያ ሁለት ዓመት ይሄንን ለብቻህ ስትሰማው ኖረሃል፤ አሁን ደግሞ ታወራብኛለህ?»