በአክብሮት የተጻፈ ስም

የደረት ምርመራው ዝርዝር ሰኞ ጠዋት ከማተሚያው ሲወጣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ስም ነበረበት። የካሱባ አባት ስም ግን አልነበረበትም።

ዝርዝሩን የምታወጣው ራሷ ካሱባ ናት። ሙፉሊራ አጠገብ ባለው የመዳብ ማዕድን ኩባንያ፣ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርታለች። አባቷ ካባሶ እዚያው ድንጋይ መፍጫው ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ቆመዋል። አቧራ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ የሠራ ሰው በየዓመቱ በአውቶቡስ ኪትዌ ሄዶ የደረት ራጅ ይነሳል፤ ሳንባው ከተነካ ከአቧራው አውጥተው ሌላ ሥራ ይሰጡታል። ሐኪሞቹ የሚቀበሉት ከሲስተሙ የወጣ ስም ብቻ ነው።

እስከ ዘንድሮ የአባቷን ስም ፈልጋ አታውቅም። እሳቸውም ቢሆኑ መጠራታቸው ከቀረ ወዲህ «ያልጠሩኝ ደህና ብሆን ነው» ይሉ ነበር። ዘንድሮ ግን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዳገቷን ሁለቴ ሳይቆሙ መውጣት አቃታቸው።

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። ሦስት ሰንጠረዦችን ማገናኘት አለበት፦ የሠራተኞችን፣ የፈረቃውን፣ የአቧራ መዝገቡን። ሲስተሙ ደግሞ ማንንም በቀጥታ ወደ ዳታቤዙ አያስገባም፤ በራሱ በር፣ በራሱ ቋንቋ ነው የሚጠየቀው። መልሱ ከአንድ ደቂቃ ካለፈም ይቆርጠዋል። ካሱባ ማክሰኞን ሙሉ ዓመቶቹን እየከፋፈለች ደጋግማ ጠየቀች። አባቷ የሉም። በመጨረሻ ጥያቄውን ተወችና የአቧራ መዝገቡን መስመር በመስመር ማንበብ ጀመረች።

ረቡዕ ከምሳ በፊት አገኘቻቸው። በሠራተኞች ሰንጠረዥ «ካባሶ»፤ በአቧራ መዝገቡ «ባካባሶ»። «ባ» በአገሩ ቋንቋ ከትልቅ ሰው ስም የሚቀድም አክብሮት ነው። ለሲስተሙ ግን ሁለቱ የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው፤ ስለማይተዋወቁም ሁለቱንም ጥሏቸዋል።

መዝገቡን ከወረቀት ደብተሮች ላይ የጻፉት ጡረታ የወጡት የመዝገብ ጸሐፊ ባና ቻንሳ ናቸው። ካሱባ ደወለችላቸው። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ በቆሎው ከተጠያየቁ በኋላ ወጣቶቹን በባዶ ስማቸው ጽፈው ሽማግሌዎቹ ላይ «ባ» ለምን እንደ ጨመሩ ጠየቀቻቸው።

«ታዲያ ምን ልበል? ከነሚስቱ ከነልጁ የማውቀውን ትልቅ ሰው እንደ ውሻ በባዶ ስሙ ልጥራው? ማሽኑ አሳዳጊ የበደለው ከሆነ እኔ ምን ላድርግ፣ ልጄ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር።

«ደግሞ እኔ ዝርዝሩን በዓይኔ እያየሁ ሳወጣ አንድ ሰው አልቀረም» አሉ ባና ቻንሳ። «ቀመር ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ የጥያቄውን ፋይል ከፈተች። አናቱ ላይ የጻፈው ሰው ስምና ቀን አለ። ስሙ የራሷ ነው፤ ቀኑ በተቀጠረች በአራተኛው ወር። ያን ጊዜ የሁለት ቀን ሥራ በሃምሳ ሰከንድ ጨረሰችው ተብሎ ተመስግናለች።

መጀመሪያ ከስሞቹ ሁሉ ላይ «ባ»ን ስትቆርጥ «ባንዳ» የሚል የቤተሰብ ስም ያላቸው በሙሉ «ንዳ» ሆነው ቁጭ አሉ። ስለዚህ ስሙ ሠራተኞች ውስጥ ሲታጣ ብቻ እንዲቆረጥ አድርጋ እንደ ገና ጻፈችው። ሐሙስ ጠዋት ሲስተሙ ሃምሳ ስምንት አዲስ ስም ቆጠረ። ሲያሳያት ግን ዘጠኝ ብቻ።

አለቃዋ ሲምዊንጋ ከትከሻዋ በላይ ተመለከተ። ሥራ የለቀቁ ሰዎችን የተዘጉ ፋይሎች ሲስተሙ በራሱ እንደሚደብቅ ነገራት። «ዘጠኙን ላኪ፣ ካሱባ» አላት። «የቀረውን አትክፈቺው።»

እሱ ሲወጣ ከፈተችው። አርባ ዘጠኝ ሰው፤ አጠገቡ ሥራ የለቀቁበት ምክንያት። አሥራ ስድስቱ ጡረታ። ሠላሳ ሦስቱ ሞት። የመዘምራኑ መሪ ነበሩበት፤ የጎረቤት ሰው ነበሩበት፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቺካንዳ እየቆረሱ የሚያጎርሷት ሰውዬም ነበሩበት። የሁሉም ስም በ«ባ» ይጀምራል። ከመካከላቸው ሥራዋን ከመጀመሯ በፊት የሞተ ሰው ፈለገች። አላገኘችም።

ዘጠኙን ላከች።

ማታ እቤት፣ በካፔንታ ዓሣ የበቆሎ ገንፎ፣ ንሺማ፣ እየበሉ፣ ስማቸው መውጣቱን ለአባቷ ነገረቻቸው።

«ማሽንሽ ገና አሁን ነው ያወቀኝ?» አሉና ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ሳህኑን ገፋ አደረጉት።

ለምን እንደ ዘገየ ልትነግራቸው አስባ ነበር። ውሃ አመጣችላቸው።

ዓርብ አብራቸው ሄደች። አውቶቡሱ በር ላይ የቆመው ሰው «ካባሶ!» ብሎ ሲጠራ አባቷ አልተንቀሳቀሱም። በዚህ ዕድሜያቸው እንዲያ ብሎ የጠራቸው ሰው የለም። ሁለተኛ ሲጠሩ ካሱባ ክንዳቸውን ነካች፤ «አቤት» ብለው ተነሱ።

ኪትዌ ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ያዘው። ብዙ አላየውም። ጎልማሳና ትሑት ሰው ነበር፤ አቧራው ሁለቱንም ሳንባ እንደ ያዘ፣ አሁን ከመፍጫው መነሳታቸው የሚመልሰው ነገር እንደሌለ ቀስ ብሎ ነገራቸው። ከአምስት ስድስት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ሌላ ነበር።

«ለምን ቀደም ብለው አልመጡም፣ ባታታ?» አላቸው፣ እንደ አባት አክብሮ።

«አልተጠራሁማ» አሉ አባቷ።

ሐኪሙ ቀና ብሎ ካሱባን አያት። ሥራዋ ምን እንደሆነ አያውቅም። ከዚያ የሚቀጥለው ቀጠሮ የሚጻፍበትን መስመር ባዶ ትቶ ወረቀቱን ሰጣት።