ከኋላ የተቀመጡት ሾፌር

ባሏ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ እርጥብ ሰድር ላይ ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚቱን ባይጎዳ ኖሮ፣ ያ ሁሉ ጣጣ እሷ ላይ ባልወደቀ ነበር።

ሴትዮዋ ጥርስ ሠሪ ናት። ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ጀሶና ሰም በሚሸት ጠረጴዛ ላይ አጎንብሳ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስትቀርጽና ስትሞርድ ትውላለች። ሥራዋን የምትወደው ጥርሶቹ ስለማይናገሩ ነው። ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ቀጭኗን ብስክሌቷን ይዛ ከከተማ ትወጣለች። የብስክሌት ማኅበሩ በየዓመቱ ኮረብታ ለኮረብታ ለሚያደርገው የረጅም ርቀት የቡድን ጉዞ ዓመቱን ሙሉ ስትዘጋጅ ነው የከረመችው። ዘንድሮ ከፈጣኖቹ ጋር ልትሄድና ትልቁን ዳገት እግሯ መሬት ሳይነካ ልትወጣው ለራሷ ምላ ነበር።

ባሏና አማቷም በዚያው ጉዞ ሊሳተፉ ነበር፤ እነሱ ግን ባለ ሁለት መቀመጫ በሆነው ትልቁ ብስክሌት። አማቷ፣ የባሏ አባት፣ ዕድሜ ልካቸውን አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ በወጡ ማግሥት የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ጀመራቸውና ቀስ በቀስ ብርሃናቸውን ወሰደው። ልጃቸው ብስክሌቱን የገዛው ለእሳቸው ብሎ ነው፤ እሱ ከፊት ይነዳል፣ እሳቸው ከኋላ ይረግጣሉ።

እንግዲህ ባል ወደቀ። እግሩን በፋሻ ጠቅልሎ፣ ትራስ ላይ ሰቅሎ፣ አባቱ ምን ያህል እንደጓጓ አወራላት። ከእሷ በቀር ማንም እንደሌላቸው፣ እንዲያውም ከእሷ ጋር መሄዱን እንደመረጡት ነገራት። «እንቢ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። ሽማግሌው ለዘመድ ለወዳጅ ሁሉ እየደወሉ «ዘንድሮ የምሄደው ከምራቴ ጋር ነው» ብለው ጨርሰው ነበርና፣ ከዚያ ወዲያ እንቢ ማለት ዓይነ ሥውር ሽማግሌ ገፍትሮ እንደመጣል ሆነባት። ጥርሷን ነከሰች። በዚህ ጊዜ የነከሰችው የደንበኛ ሳይሆን የገዛ ራሷን ነው።

በጉዞው ቀን ጠዋት መነሻው ቦታ ላይ ሁሉም ሰው ሰላም የሚለው አማቷን ነበር። የማኅበሩ መሪ፣ አንገቱ ላይ ከሚያንጠለጥላት ነገር የተነሣ ፊሽካው የሚሉት ሰው፣ እጃቸውን ይዞ ፎቶ አስነሣቸው። ዓመቱን ሙሉ አብራት ስትለማመድ የከረመችው ጓደኛዋ ፋርማሲስቷ አጠገቧ መጥታ ትከሻዋን ነካ አደረገቻትና «አይዞሽ» አለቻት፤ ለቅሶ ቤት የመጣች ይመስል። ከዚያ ፊሽካው ነፋ፣ ፈጣኖቹ ሽው ብለው ሄዱ፣ ፋርማሲስቷም አብራ ሄደች።

አማቷ አፋቸውን የከፈቱት ገና የከተማው የመጨረሻ መብራት ሳይታለፍ ነው።

«ማርሽ ቀይሪ እንጂ ልጄ። ሞተሩ እየጮኸ ነው።»

«አባባ፣ ሞተር የለውም።»

«ሞተሩ አንቺ ነሻ። ስትተነፍሺ እየሰማሁሽ ነው።»

ሾፌር ኋላ ሲቀመጥ እንዲህ ነው። ኩርባ ሲመጣ ቀድመው ያዘነብላሉ፣ ኩርባ በሌለበትም ያዘነብላሉ፤ ብስክሌቱ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል። መኪና ሲያልፋቸው የመኪናውን ዓይነት በድምፁ ይናገራሉ፤ ትክክል ይሁኑ አይሁኑ እንድታረጋግጥላቸው ደግሞ ይጠብቃሉ። እነዚያን የሚያወሩባቸውን ጥርሶች የሠራችው እሷ ናት። ለምን ትንሽ አጥብቄ አልገጠምኳቸውም እያለች ዳገቱን ገፋች።

ከሁሉ የከፋው ጥያቄው ነበር። ምን ይታይሻል ይሏታል። ዛፍ ትላለች። ምን ዓይነት ዛፍ ይላሉ። ዛፍ ነዋ አባባ፣ አረንጓዴ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ አሁንስ ይላሉ። አሁንም ዛፍ። ልጄ እኮ ሁሉንም ነው የሚነግረኝ ይላሉ፤ የአጥሩን ቀለም፣ በረንዳ ላይ የተሰጣውን ልብስ ሳይቀር። ልጃቸው ቢኖር ኖሮማ፣ አለች በሆዷ፣ እኔ አሁን ከፊት ካሉት ጋር ነበርኩ። ልቧ ውልቅ አለ። መልስ መስጠቱን ትታ ዝም አለች። እሷ ዝም ባለች ቁጥር እሳቸው ይብሱኑ ያወሩ ጀመር፤ ፍሬን የተበጠሰበት ጊዜ፣ አውቶቡሱ ውስጥ የተወለደው ሕፃን፣ ጣሪያ ላይ ተጭኖ የጠፋው አልጋ።

በመጀመሪያው ማረፊያ ሙዝና ዳቦ ይታደል ነበር። ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ልትነሣ ስትል ሽማግሌው ውሃ የምታድለዋን ሴት አባት የሚያውቁ ሆነው ተገኙ። ያ አባት ከነወንድሞቹ ተወርቶ እስኪያልቅ የቀርፋፎቹም ቡድን ሄዶ አለቀ። ሲነሡ ከፊታቸው ባዶ መንገድ ብቻ ነበር።

መገንጠያው ላይ ሲደርሱ አስፋልቱ ላይ በነጭ ቀለም የተሣለው ቀስት ወደ ግራ ያመለክታል። ቆመች። ለምን እንደቆመች ጠየቋት፤ ቀስቱን ነገረቻቸው።

በግራ ያለው ያ ነፍስ የሚያስወጣ ዳገት ነው አሉ አማቷ። በቀኝ በኩል ግን የድሮው መንገድ አለ፤ ወንዙን ተከትሎ ለጥ ብሎ ሄዶ ከዳገቱ ማዶ ካለው ድልድይ ጋር ይገጥማል። ፀጉራቸው እስኪሸብት የነዱት መንገድ ነው፤ ብስክሌተኞቹ በዳገቱ የሚሄዱት ይህን ስላላወቁ ነው። ቀስቱ ግን በግራ ነው አለች። ቀስቱን የሣለው ሰው ይህን መንገድ ስንት ጊዜ ነድቶታል አሏት። ስትከራከር፣ ሲከራከሩ፣ ላቧ ጀርባዋ ላይ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ የሚፈልጉትን ሰጥቶ መገላገል ይሻላል ብላ መሪውን ወደ ቀኝ አዞረች።

መንገዱ እውነትም ለጥ ያለ ነበር። ትንሽ እንደሄዱ ግን አንድ የዛገ የብረት ማገጃ መንገዱን በከፊል ዘግቶት አገኘችና ነገረቻቸው። መንገድ ሠራተኞች ረስተውት ይሆናል፣ በእኛም ጊዜ ይረሱ ነበር አሉ። ብስክሌቱን በጎን አሳለፈችው። ከዚያ በኋላ አስፋልቱ መሰነጣጠቅ፣ በየስንጥቁም ሣር መብቀል ጀመረ። መኪና የለም፣ ሰው የለም። ረጅም ቁልቁለት ወረዱ፤ አማቷ ነፋሱ ደስ ብሏቸው ቀጥሎ የሚመጣውን ኩርባ እየቆጠሩ ይነግሯት ነበር። የመጨረሻውን ኩርባ ስትዞር ፍሬኑን በሁለት እጇ ጨመቀችው።

መንገዱ ውሃ ውስጥ ገብቷል። አስፋልቱ ከነመሐል ነጭ መስመሩ ተንሸራቶ ሐይቅ ውስጥ ይሰምጣል፤ ከዚያ ወዲያ ሸለቆው ሁሉ ውሃ ነው። ጥቂት የደረቁ የዛፍ አናቶች ብቻ ብቅ ብቅ ብለዋል።

«ውሃ ነው አባባ።»

«ወንዙ ነው። ድልድዩ ከፊት ነው።»

«ድልድይ የለም። ወንዝም የለም። ሁሉም ውሃ ነው።»

አማቷ ግድብ እንደሚሠራ በሬዲዮ ሰምተው ነበር፤ ግን ውሃው እስከዚህ ይወጣል ብለው አልገመቱም። ከብስክሌቱ ወረዱና እግራቸውን እየጎተቱ በመንገዱ ወደፊት ሄዱ። ልትይዛቸው ስትል በእጃቸው መለሷት። ውሃው ጫማቸው ውስጥ ሲገባ ቆሙ። ትንሽ ገፋ አሉ፤ ሱሪያቸው ራሰ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ያኔ ያዝንላቸው ነበር። እሷ ግን ያጠራቀመችው ሁሉ አፏ ላይ መጣ። ቀስቱን ነግሬዎት ነበር አለች። ማገጃውን ነግሬዎት ነበር። አሁን ያን ቁልቁለት ተመልሰን ልንወጣው ነው፣ ከዚያ ትልቁ ዳገት ይጠብቀናል፣ ሰው ሁሉ ጨርሶ ቤቱ ሲገባ እኛ እዚህ ሐይቅ እየጎበኘን ነው። በመጨረሻም ሳታስበው፣ «እኔ መጀመሪያም መምጣት አልፈለግሁም» አለች።

ሽማግሌው ውሃው ውስጥ እንደቆሙ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ።

«ታዲያ ለምን እንቢ አላልሽም?»

«ማን ጠየቀኝ? እርስዎ ለአገር ምድሩ ደውለው!»

«እኔማ የደወልኩት አንቺ ቅር እንዳይልሽ ነው። እሱ ሲወድቅ ዘንድሮስ ይቅርብኝ ብዬው ነበር። ‹አይ አባዬ፣ እሷ ካንተ ጋር ካልሄድኩ ብላለች፣ እንቢ ብትላት ትቀየምሃለች› አለኝ።»

«እኔን ደግሞ ከእኔ ጋር መሄዱን እንደመረጡ ነው የነገረኝ።»

«የእኔ ልጅ?»

«የእርስዎ ልጅ።»

አማቷ ከውሃው ወጥተው ጫማቸውን እያጨማለቁ መጡና የብስክሌቱን ኮርቻ በእጃቸው ፈልገው ያዙ። ከተነሡ ጀምሮ ዝም ማለቷን ሲታዘቡ መናደዷን ጠርጥረው እንደነበር፣ እንዳይደብራትም ብለው ያለ የሌለ ወሬያቸውን ሲያወጡ እንደዋሉ፣ አሁን ጉሮሯቸው መድረቁን ነገሯት። እውነትም ተናድጄ ነበር አለች። እኮ አሉ። ሳቅ መጣባት፤ ንዴቷ ገና ስላልበረደ ዋጠችው።

እንደዘገዩ ልትነግረው ባሏ ጋ ደወለች። በደስታ ነው ያነሣው፤ እየተዝናኑ እንደሆነ፣ አባቱ ጥሩ ጓደኛ ሆነዋት እንደሆነ ጠየቃት። ስልኩን ለአማቷ ሰጠች። ሽማግሌው ጆሯቸው ላይ አስጠግተው ትንሽ ካዳመጡ በኋላ፣ «ማታ እንነጋገራለን» አሉትና መልሰው ሰጧት።

ቁልቁለቱን ብስክሌቱን እየገፉ ወጡት። እሷ መሪውን ይዛ፣ እሳቸው ከኋላ ኮርቻውን ይዘው፣ ሁለቱም ቁና ቁና እየተነፈሱ። በየመሐሉ ቆመው ያርፋሉ። አንድ ጊዜ ሲያርፉ ያ የደረሱበት ውሃ ምን ይመስል እንደነበር ጠየቋት። እንደ ጠዋቱ በአንድ ቃል ለማለፍ አልደፈረችም፤ ትንሽ አሰበችና ቀለሙ እንደ ቢላ ጀርባ እንደሆነ፣ ዛፎቹ እስከ አንገታቸው መስጠማቸውን፣ አንዱ አናት ላይ ወፍ ጎጆ እንደሠራ ነገረቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸውም ከውሃው በታች የት ጋ ሻይ ቤት እንደነበረ፣ የት ጋ ተሳፋሪ እያወረዱ እጅ ይነሡ እንደነበር አወሩላት፤ በዚያ ጊዜ ወሬያቸው አላስመረራትም።

መገንጠያው ላይ ፊሽካው ከኋላ የቀሩትን ከምትለቅመው ፒካፕ ጋር ቆሞ ስልክ ሲደውል አገኙት። ፊቱ ተኮሳትሯል። ቀስት የሚሣለው ለጌጥ ይመስላችኋል ወይ ብሎ ጀመረ። ብስክሌቱን ጭነን በቀጥታ ወደ መጨረሻው እንሂድ አለ።

«አባባ፣ እርስዎ ምን ይሻልዎታል?» አለች።

«እግሬ አልቋል፤ መኪናው። አንቺስ?»

ትልቁን ዳገት ከሥሩ ሆና ቀና ብላ አየችው። በሚያስጠላ አኳኋን እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል።

«እኔ ልወጣው እፈልጋለሁ። ብቻዬን።»

ፊሽካው በዚህ ጎተራ በሚያህል ብስክሌት ነው ወይ ብሎ ሳቀ። አማቷ ግን በሩን ዳብሰው አግኝተው ገቡና መስኮቱን አውርደው፣ «ከላይ እንጠብቅሻለን። ቀስ ብለሽ ነይ» አሏት። የማርሹን ነገር አላነሡም።

ዳገቱ እንዳሰበችው አልነበረም፤ የባሰ ነበር። ብስክሌቱ ክብደቱ የትየለሌ ነው፣ ባዶው የኋላ መርገጫ አብሮ እየዞረ ሲጥ ሲጥ ይላል። ግማሽ ላይ ስትደርስ በዓመት ልምምድ ያገኘችው ጉልበት ሁሉ አልቆ በእልህ ብቻ ትረግጥ ጀመር። ባሏን ሰደበችው፤ ድምፅ አውጥታ፣ በየእርግጫው አንድ አንድ ስድብ። ሰሚ ስላልነበረ አላፈረችም። ሁለት ጊዜ ልትወርድ ምንም አልቀራትም ነበር፤ አልወረደችም። እግሯ መሬት የነካው ጫፉ ላይ ስትደርስ ነው፤ ብስክሌቱን ተደግፋ ቆመች። ማንም አላጨበጨበም፤ ፋርማሲስቷም ጨርሳ ሄዳለች። ደስ አላት፤ ግን ለመደሰት እንኳ ትንፋሽ አልነበራትም።

አማቷ ባዶ የውሃ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ለፊሽካውና ለፒካፑ ሾፌር የሐይቁን ነገር እያወሩ ነበር። «ልጅቱስ ነግራኛለች፤ ያሳሳትኳት እኔ ነኝ» ሲሉ ሰማቻቸው። ወዲያው ደግሞ ውሃው እስከ ወገባቸው እንደደረሰ ጨመሩበት። አላረመቻቸውም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ቁልቁለት ስለሆነ ከኋላዋ ወጡ። እያንዳንዱ ኩርባ ሳይደርስ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ትላቸዋለች፤ አብረዋት ያዘነብላሉ፤ ብስክሌቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ ሄደ። የመጨረሻው ቦታ ሲደርሱ ባነሩ ወርዶ፣ ወንበሩ ተደራርቦ፣ የቀረ ሰው ቢኖር አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ብቻ ነበር። እሱም እንኳን በሰላም መጣችሁ አላቸው።

ቤት ሲገቡ ባል እግሩን ትራሱ ላይ እንደሰቀለ ቴሌቪዥን ያያል። አባቱ አጠገቡ ተቀመጡና ሁለታችንንም ዋሽተኸናል አሉት። ለሁለታችሁም ደስታ ብዬ ነው፣ ብትቀራረቡ ብዬ ነው ሲል እሷ ጫማዋን እየፈታች፣ ለሚቀጥለው ደስታችን እኛኑ ጠይቀን አለችው።  ክራንቹን ከግድግዳው ላይ አንሥታ አቀበለችውና ውሃ እንዲጥድላቸው ወደ ወጥ ቤት ላከችው። ሲንኳኳ፣ ድስት ሲጥል፣ ሲያጉረመርም እየሰሙ ሁለቱም ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ጠዋት አማቷ ደወሉላት። ሥራ ካልያዘች፣ ደስም ካላት፣ በትልቁ ብስክሌት ትንሽ ወጣ ቢሉ ምን ይመስላታል ብለው ጠየቁ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው የሰው ቤት በር እንደሚያንኳኳ ሰው ነበር።

«ዛሬስ አልፈልግም አባባ» አለች።

«ደግ፣ ደግ። ሌላ ቀን ካሰኘሽ ትነግሪኛለሽ» አሉና ስለ ጥርሳቸው ጥቂት አጫውተዋት ስልኩን ዘጉ። ቅር ያላቸው አይመስልም። እሷም ቀጭኗን ብስክሌቷን ከግድግዳው አውርዳ ጎማዋን ነፋችና ብቻዋን ወጣች።