አስታማሚ የሌላት መኪና

ነርሷን የሚያስጠይፋት ነገር የለም ይባላል። የድንገተኛ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ ትውከቱም፣ መግሉም፣ የሰነበተ ቁስሉም በእጇ አልፏል። ባልደረቦቿ አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ኮሪደር ሲወጡ እሷ ጓንቷን አጥልቃ ትገባለች። እንዲህ ያለችውን ሴት አንዲት አሮጌ መኪና ሆዷን ትገለብጠዋለች ብሎ ማን ያስባል?

መኪናዋን የሸጠላት ታላቅ ወንድሟ ነው። አባታቸው ሲሞት አሳድጎ፣ አስተምሮ፣ ለወግ ለማዕረግ ያበቃት እሱ ስለሆነ «ጋሼ» ማለቱ ራሱ ሲያንሰው ነው። እሱ ከሌላ ሰው ገዛት፣ ያም ከሌላ ሰው፤ ዘይቷ መቼ እንደተቀየረ፣ ማን ምኗን እንደነካካ የሚያውቅ የለም። ቁልፉን ሲያስረክባት ግን «እንደ እንቁላል ነው የያዝኳት» አላት፤ እሷም አመነች። የገዛ ወንድሙን የማያምን ማንን ሊያምን ነው?

ከመጪው ሰኞ ጀምሮ መንታ ሴት ልጆቿን ትምህርት ቤት የምታደርሰው በዚህች መኪና ነው። መንገዱ ከቤቷ እስከ ታች ድረስ ቁልቁለት ነው፤ ቁልቁለቱ የሚያልቀው ደግሞ አውቶቡሶች በሚጋፉበት አውራ ጎዳና ላይ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቁልቁለቱ አናት ላይ ወዳለው ጋራዥ ወሰደቻት።

መካኒኩን ሰፈሩ ሁሉ «ቶሎቶሎ» ይለዋል። ለምን እንደሚለው ወዲያው ገባት።

«ዘይትና ፊልትሮ እንቀይራለን፣ በቃ፣ ትሄጃለሽ ሲስተር።»

«የለም» አለችው። «አስታማሚ የሌለው ሰው ራሱን ስቶ ሲመጣብን ምን እንደምናደርግ ታውቃለህ? ምን እንደበላ፣ ምን መድኃኒት እንደወሰደ የሚነግረን የለም። ስለዚህ ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እናየዋለን። እሷንም እንደዚያ አድርጋት።»

«መኪና እኮ ናት!»

«ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ። ክፈት።»

እያጉረመረመ ኮፈኑን ከፈተ። ከላይ ሞተሩ ታጥቦ ያብለጨልጫል። ከሥር የዘይቱን ቡሎን ሲፈታ ግን ምንም አልፈሰሰም፤ ቆይቶ፣ የተቃጠለ ድስት ቂጥ ላይ እንደሚቀረው ዓይነት ጥቁር ዝቃጭ እየተጎተተ ወረደ። ቶሎቶሎ «ይሄ ዘይት አይደለም፣ አስፋልት ነው!» ብሎ ሳቀ። ነርሷ አልሳቀችም። የራዲያተሩ ውኃ ዝጎ ቀልቷል። ቀጥሎ ከዳሽቦርዱ ሥር የአየሩን ፊልትሮ ሲስበው የተቦጫጨቀ ስፖንጅ፣ ፍግ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ የደረቀች አይጥ ከነጭራዋ ተከትላ ወጣች። ልጆቿ ሊተነፍሱት የነበረው ይህንን ነው። ምራቋ በአፏ ሞላ።

ሰው ታሞ ቢቆሽሽ አይፈረድበትም። ይህ ግን የበሽታ ሳይሆን የስንፍና ቆሻሻ ነበር፤ ከላይ አጥቦ ከውስጥ የማክረም ቆሻሻ። እንደዚያም ሆኖ ነርሷ «ጋሼ ይሄን አያውቅም። ከእሱ በፊት የነበሩት ናቸው» አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት።

አዲሱ ዘይት ገባ፣ ፊልትሮዎቹ ተቀየሩ። ቶሎቶሎ በመጨረሻ የፍሬን ዘይቱን ክዳን ከፍቶ ጎንበስ አለና «ሙሉ ነው፣ ደህና ነው» ብሎ ሊከድነው ሲል እጁን ያዘችው።

«ቆይ። ይሄ ምንድን ነው የሚሸተው?»

«እኔን ጉንፋን ይዞኛል፤ ምንም አይሸተኝም።»

ጣቷን ነክራ አሸተተች። የሻገተ የኩሽና ሽታ ነው። «የምግብ ዘይት ነው» አለች።

ቶሎቶሎ በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገውና ለመጀመሪያ ጊዜ ዝግ አለ። «ይሄ እኮ የፍሬኑን ጎሚኒዎች፣ ላስቲኮቹን፣ ያሳብጣል፣ ይበላቸዋል። ጠዋት በቅዝቃዜው ትይዝልሻለች። ሞቅ ሲላት ግን፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትረግጪ፣ እግርሽ ወለሉን ይነካል።»

ነርሷ ስልኳን አውጥታ ወንድሟን ጠራችው።

ቤቱ ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው፤ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ እያለከለከ ደረሰ። ጉንጯን ሳማትና ነገሩን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ።

«ዘይት ዘይት ነው! ጎድሎ አየሁ፣ እቤት ያለውን ጨመርኩ። ሌላ የማውቀው ነገር ካለ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ቁጣዋ በረድ አለ። በልጆቻቸው ጆሮ የምግብ ዘይት ያፈሰሱ እናቶች ስንቴ መጥተውባታል፤ አንዳቸውንም አልጠላችም። ሳያውቅ ያደረገውን ሰው ምን ትለዋለህ?

ወንድሟ ግን በዚያ አላበቃም። «ይልቅ መካኒኩ ነው የሚያስፈራራሽ» አላት በሹክሹክታ። «ዝም ብለሽ ንጂያት፤ ምንም አትሆንም።»

«ምንም አትሆንም?»

«ምንም!»

«እንግዲያው ግባ፣ ቤትህ ላድርስህ። በላብ ተጠምቀሃል።»

የሾፌሩን በር ከፍታ ተቀመጠች። እሱ ንቅንቅ አላለም። «በእግሬ ይሻለኛል» አለ። «መራመድ ለጤና ነው።»

«ቁልቁለት ነው ጋሼ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ግባ።»

«ልብስሽን አቆሽሽብሽ ብዬ…»

«አብሬህ ልቀመጥ እንጂ ልታቀፍህ አልኩህ? ግባ!»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ምን አስቸኮለሽ? ደግሞም ሁለት ሦስቴ ደጋግመሽ ከረገጥሻት ትይዛለች እኮ!»

ቶሎቶሎ መፍቻውን አስቀመጠ።

ነርሷ ከመኪናው ወረደች። የወንድሟ ልጆች ትዝ አሏት። የበልጉን ወራት ሙሉ፣ ዝናብ እየወረደባቸው፣ መኪና ደጃቸው ቆሞ በእግራቸው ነበር ትምህርት ቤት የሚመላለሱት። «መኪና ልጅ ያሰንፋል» ይል ነበር። እሷም «አቤት አባት!» ብላ አድንቃው ነበር።

«ልጆችህን ማሳፈር የተውከው ፍሬኗ እምቢ ስላለ ነው፣ አይደል?»

ጫማውን ጫማውን ያይ ጀመር። «ብነግርሽ ትገዢያት ነበር?» አለ በመጨረሻ፣ እንደ ተበደለ ሰው።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ሲባል ትሰማ ነበር፤ ይሄን ያህል ግን አልመሰላትም። ከአይጧ ይልቅ፣ ከዝቃጩ ይልቅ፣ እዚያ ቆሞ በላብ የሚያብለጨልጨውን ፊቱን ማየት አንገሸገሻት። የራሱን ልጆች ከመኪናዋ አወረደ፤ የእሷን ሊያሳፍር ቁልፉን በእጇ አስጨበጣት።

«ሂድ» አለችው። «በእግርህ ሂድ። ጤና ነው።»

ቁልቁለቱን ሲወርድ አላየችውም። ቶሎቶሎ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ምን ላድርጋት ሲስተር?» አላት።

«ፍሬኗን ከሥር እስከ ላይ አውጥተህ ቀይር። ቀስ ብለህ ሥራ። ሰኞ በእግራችን እንሄዳለን።»

ከዚያ ወደ ጋራዡ ቧንቧ ሄደችና በዱቄት ሳሙና እጇን እስከ ክርኗ ፈትጋ ታጠበች። አጥባ ጨርሳ ውኃውን ልትዘጋ ስትል ተመለሰችና፣ ወንድሟ ሲመጣ የሳማትን ጉንጯን ትፈትገው ጀመር።