ያልበራው የፍሬን መብራት

መኪና መንዳት ለማስተማር ትዕግሥት ያስፈልጋል የሚሉ ሰዎች አስተምረው አያውቁም። የሚያስፈልገው ቁጣ ነው። ተማሪዎቼ ጀርባዬን ሳዞር «ሳይረን» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ይበሉ። የመጀመሪያው ትምህርቴ ሞተር ሳይነሳ ነው። ቁልፉን ግማሽ ድረስ አዙሩ፣ እጃችሁን ሰብስቡ፣ ዳሽቦርዱን እዩ። የዘይቱ፣ የባትሪው፣ የእጅ ፍሬኑ፣ የኤቢኤሱ መብራት ሁሉም ይበራሉ፤ መኪናው ራሱን እየመረመረ ነው። ደህና ከሆነ ይጠፋሉ። በርቶ አልጠፋም ያለ መብራት ችግር እንዳለ ይነግራችኋል። ጭራሽ ያልበራ መብራት ግን ምንም አይነግራችሁም፤ እኔም የምጮኸው እሱን አይታችሁ ስታልፉ ነው።

የዚያን ቀን ታናሽ እህቴ ሚጡ ድንገት ስብሰባ ተጠርታ፣ ልጆቿን ከትምህርት ቤት እንዳመጣላት መኪናዋን ሰጠችኝ። መሥሪያ ቤቷ በር ላይ ሞተሩን ሳታጠፋ ወረደች። «እንዳታጠፊው፣ ዝም ብለሽ ንጂ፣ ረፍዷል» ብላኝ ሮጠች። ችኮላ መሰለኝ።

ልጆቹን ከኋላ አስቀምጬ ቀበቷቸውን አሰርኩና ቁልቁለቱን ጀመርኩ። ዝናቡ ያካፋል፤ አስፋልቱ ሳሙና የፈሰሰበት ይመስላል። ከጎን መንገድ ካርቶን የተከመረበት የእጅ ጋሪ ዘው ብሎ ገባ። ፍሬኑን በሙሉ ኃይሌ ረገጥኩና መሪውን ወደ ግራ አዞርኩ። ፔዳሉ እግሬ ሥር መንቀጥቀጥ ነበረበት፤ ድርቅ አለ። ጎማዎቹ ተቆለፉ። መሪው ወደ ግራ ዞሯል፣ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ወደ ጋሪው ይሄዳል። ፔዳሉን ለቀቅ አድርጌ መልሼ ስረግጠው ታጠፈልኝ፤ ስፖኪዮው አንዱን ካርቶን ገፍቶ ጣለው። ጋሪ ገፊው የሰደበኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም፤ ደግሞም እውነቱን ነው።

«አክስቴ፣ ድገሚው!» አለኝ ትንሹ።

ጥግ ይዤ ሞተሩን አጠፋሁና ቁልፉን ግማሽ ድረስ አዞርኩ። ሁሉም በሩ። የኤቢኤሱ ቦታ ጨለማ ነው። መሪውን በቡጢ የመታሁት ያኔ ነው፤ ከድንጋጤ እንዳይመስላችሁ፣ ከንዴት ነው።

ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ጎማ መዞሩን አቁሞ መንሸራተት ከጀመረ መሪ አይታዘዝም፤ የፈለጋችሁትን ያህል አዙሩት። ኤቢኤስ የተሠራው ለዚህ ነው። በየጎማው አጠገብ አንዲት ሴንሰር አለች። ከጎማው ጋር የሚዞር ጥርሳም ቀለበት አለ፤ ጥርሶቹ በፊቷ ሲያልፉ የጎማውን ፍጥነት ታነባለች፣ በቀጭን ሽቦ ለኮምፒውተሩ ትናገራለች። አንዱ ጎማ ከጓደኞቹ ተለይቶ ድንገት ሊቆም ሲል ኮምፒውተሩ የዚያን ጎማ የፍሬን ዘይት ግፊት በቫልቭ ያላላዋል፣ ወዲያው መልሶ ያጠብቀዋል፣ እንደገና ያላላዋል። ማንም ሰው በእግሩ ሊያደርገው በማይችለው ፍጥነት ነው ይህን የሚያደርገው። እግር ሥር የሚሰማው መንቀጥቀጥም ይኸው ነው። ጎማው እየዞረ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ መሪ ይታዘዛል። የእናንተ ሥራ ፔዳሉን ረግጦ አለመልቀቅና ወደሚያድናችሁ አቅጣጫ መዞር ብቻ ነው። ሴንሰሯ ወይም ሽቦዋ ከተበላሸች ኤቢኤሱ ሥራ ያቆማል፤ ተራው ፍሬን ብቻ ይቀራል። ያን ጊዜ መብራቱ ይበራል። «እኔ የለሁም፣ ራስሽን ቻይ» ማለቱ ነው። አንድ ሰው ይህን እንዳይል አፉን አፍኖታል።

ልጆቹን እናታችን ዘንድ አድርሼ በቀጥታ ወደ ወንድማችን ጋራዥ ነዳሁ። ታላቃችን ነው፤ የቤተሰቡ መኪና በሙሉ በሱ እጅ ነው የሚያልፈው። ከአንድ የጭነት መኪና ሥር እግሩ ብቻ ይታያል። ጫማውን በጫማዬ መታሁት።

«ወንድም ጋሼ፣ ውጣ!»

«ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?» አለ ፊቱን በቱታው እጅጌ እየጠረገ።

«ሊሞት ነበር። የሚጡን የኤቢኤስ መብራት ማነው ያጠፋው?»

«አምፖሉ ተቃጥሎ ይሆናላ።» ይህን ሲል የሚያየው እኔን ሳይሆን በእጁ የያዘውን ካቻቢቴ ነው።

«ክፈተው።»

«አሁን እኮ ሥራ ላይ…»

«ክፈተው አልኩህ!»

ዳሽቦርዱን ፈታው። አምፖሉ አልተቃጠለም፤ የለም። ቦታው ላይ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፏል፣ ጠርዙ በመቀስ ተስተካክሎ። እንዲህ ተጠንቅቆ የሚቆርጥ ሰው በዚህ ቤት አንድ ብቻ ነው።

«አንተ ሰው! ከኋላ የሚቀመጡት የእህትህ ልጆች ናቸው እኮ! ዛሬ ጋሪ ውስጥ ልከታቸው ነበር!»

ከጋራዡ ሠራተኞች አንዱ ሬዲዮውን ዘጋ፤ በደንብ ሊሰማ ፈልጎ ይሆናል።

«ራሷ ናት የለመነችኝ» አለ ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አልቅሳ ነው የለመነችኝ። ቀስ ብለሽ ንጂ ብያታለሁ።»

ሚጡን ደውዬ ጠራኋት። የመሥሪያ ቤት መታወቂያዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በታክሲ መጣች። የተፈታውን ዳሽቦርድ ስታይ ደነገጠች።

«ልጆቹስ?»

«ደህና ናቸው። አንቺ ግን ጤነኛ ነሽ?»

ባሏን እኔ «ኢንስፔክተሩ» ነው የምለው። ቤቱ ውስጥ ከውኃ ቆጣሪ እስከ ድስት ክዳን የማይመረምረው ነገር የለም፤ ጥፋተኛ ሳያገኝ ደግሞ ፋይሉን አይዘጋም። መኪናው የሱ ነበር። አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ለሚጡ የሰጣት ስንት ተለምኖ ነው።

«ቁልፉን ሲሰጠኝ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «‹ዳሽቦርዱ ላይ አንድ መብራት ከበራ መንዳት አትችይም ማለት ነው፣ ቁልፉን ትመልሻለሽ› አለኝ። ብዙም ሳልነዳው በራ። ምን እንዳደረግኩት እንኳ አላውቅም፤ ጉድጓድ ገብቼበት ይሆናል። ትምህርት ቤቱ በዚያ ጫፍ፣ መሥሪያ ቤቴ በዚህ ጫፍ። መኪናው ከሌለ ሥራው የለም። እሱ ደግሞ የሚፈልገው ቤት እንድቀመጥ ነው።»

እሷ ላይ መጮኹን ተውኩት። ቁጣው ግን የትም አልሄደም፤ ወደ ወንድሜ ዞረ።

«እሺ እሷ ፈርታ ነው። አንተ ምን ሆንክ? ብልሽት መጠገን ሲያቅትህ ነው አምፖል የምትነቅለው?»

«ዕቃው ታዝዞ ነው የሚመጣው። እስኪመጣ መኪናው እዚህ ቢቆም ሰውየው ይጠይቃል…»

«የተበላሸውን አሳየኝ።»

«ምን ያደርግልሻል?» አለና ከኋላው ቀኝ ጎማ ፊት ሄዶ ቆመ። ሰው ሲዋሽ የት እንደሚቆም አያውቅም።

«ወንድም ጋሼ፣ ዞር በል።»

ክሪኩን አምጥቶ መኪናውን አነሳ፣ ጎማውን አወለቀ። የሴንሰሯ ሽቦ ተበጥሶ በእጅ ተጠማዝዟል፣ ላዩ ደግሞ ፖስታ በሚታሸግበት ነጭ ስኮች ተጠቅልሏል። ስኮቹ ረጥቦ ተላቅቋል። እንዲህ ያለ ሥራ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ሰው የለም፤ ሌባ መካኒክ እንኳ አይሠራውም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ሚጡ።

ወንድሜ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። «ይህ ጎማ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ባልሽ ራሱ ነው የቀየረው። እዚህ ድረስ መጥቶ ‹እናንተ ሌቦች ናችሁ፣ በቪዲዮ አይቼ በገዛ እጄ ቀየርኩት› ብሎ ፎክሮብኛል። ያኔ ነው የበጠሰው። መኪናውን ለአንቺ ከመስጠቱ በፊት።»

«እኔ አይደለሁማ ያበላሸሁት።»

«አይደለሽም።»

«አምፖሉን ስትነቅልልኝ ይሄን አይተኸው ነበር?»

«ሚጡዬ፣ ባልና ሚስት መሃል አልገባም ብዬ እኮ ነው…»

«መሃላቸው ገብተህ አምፖል መንቀል ግን አላቃተህም!» አልኩት። ከዚህ በኋላ ያልኩትን ሁሉ አላስታውስም። ፈሪ ብዬዋለሁ። ታላቅ ለመባል ፂም አይበቃም ብዬዋለሁ። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፤ ያም አልበረደልኝም። ይህች ልጅ ባላጠፋችው ጥፋት ስትሸማቀቅ ስንት ጊዜ አብሯት ምሳ በልቷል!

ሚጡ አልጮኸችም። በሥራ ቀሚሷ ዘይት በፈሰሰበት ወለል ላይ ተንበርክካ ሽቦውን አየችው፣ በጣቷ ነካችው። ስትነሳ ጉልበቷ ጠቁሯል።

«አምፖሉን መልሰው» አለችው። «ሽቦውን አትንካው።»

ወደ ሚጡ ቤት እኔ ነዳሁ፣ እንደ ቀብር መኪና እየተጎተትኩ። የኤቢኤሱ መብራት ቢጫ ሆኖ በርቶ ተቀምጧል። ሚጡ አጠገቤ ሆና ከሱ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

ኢንስፔክተሩ የግቢውን በር ከፍቶልን ገና ሰላም ሳይል በመስኮቱ አንገቱን አስገባ። መብራቱን አየ። ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ ነው፤ እምላለሁ፣ ደስታ ነው። መዳፉን ዘረጋ።

«ምን ብዬሽ ነበር?»

ልናገር ስል ሚጡ ክንዴን ያዘችኝ።

«ኩሽኔታውን ስትቀይር የበጠስከው ሽቦ ነበር?» አለችው፣ ሰዓት እንደምትጠይቅ።

«እሷ ቀጭኗ?» ሳቀ። «እሷማ ምንም አይደለችም። ፍሬኑ ይይዛል። እኔ ያለሷም ስንት ጊዜ ነድቼዋለሁ።»

«መብራቱ በርቶብህ ነበር?»

«በርቶ ነበር፣ ሽቦዋን አሰርኳት፣ ጠፋ። አሁን ይሄን ምን አመጣው?»

«ቁልፉን ስትሰጠኝ መልሶ እንደሚበራ ታውቅ ነበር ማለት ነው።»

መዳፉ እንደተዘረጋ ቆየ። «በሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር…»

«ዛሬ ዝናቡ ላይ ተንሸራተተ» አለችው። «ጋሪ ሊገጭ ነበር። ልጆቹ ከኋላ ነበሩ።»

እኔ ጠበቅኩ። እውነቴን ነው፣ ያን ሁሉ ቁጣዬን ይዤ ጠበቅኩ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትጠበቅበት፤ «ልጆቹስ?» የምትል፣ ማንም አባት የሚላት።

«ገጨ እንዴ?» አለና በመኪናው ፊት ዞረ። ጎንበስ ብሎ መብራቶቹን፣ ታርጋውን፣ ቀለሙን በጣቱ እየዳሰሰ መመርመር ጀመረ።

ሚጡ እጇን ወደ መሪው ሰድዳ ቁልፉን ነቀለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ወርዳ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች።

«ነይ፣ እማዬ ጋር እንሂድ» አለችኝ። «ልጆቹ ዛሬ እዚያ ያድራሉ፣ እኔም።»

በእግራችን የመንገዱ መታጠፊያ ላይ ደርሰን ዞር ስል፣ እሱ ገና መኪናው ፊት ተቀምጦ ጭረት ይፈልጋል።