ጫፍ የሌለው ጎራዴ

አንኮበር ላይ ሰርግ ተደግሶ ጋሽ ወልደአረጋይ ዘሥላሴ ካልፎከሩበት፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ቢወጣም ሰርግ ነበርኩ ለማለት ያፍራል። ድምፃቸው ጎርናና፣ ቁመታቸው ዘለግ ያለ ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን የአባታቸው ጎራዴ አላቸው። ጎራዴው አጠር፣ ወፈር ያለ ነው። ከእጀታው ቀጠን ብሎ ይነሳና ወደ ላይ እየሰፋ ሄዶ፣ ጫፍ ማውጣት ሲገባው ድንገት ቁርጥ ይላል። እጀታው ላይ ቀይ ፀጉር ታስሯል።

ይህ ሁሉ ምክንያት አለው። አባታቸው አቶ ዘሥላሴ ከወፍ ዋሻ ጫካ የወጣ ነብር ገጥመው ግንባሩን ቢሉት፣ የጎራዴው ጫፍ ተሰብሮ ራስ ቅሉ ውስጥ ቀረ። ቀዩ ፀጉር የነብሩ ነው። ነብር ቀይ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ አንድ የባዮሎጂ መምህር ነበር፤ ደም ነክቶት ነው ተባለና ከዚያ ወዲህ ሰርግ ሲጠራ ከድንኳኑ መጨረሻ ነው የሚያስቀምጡት። ስለቱ በአንድ ወገን ብቻ የሆነውም ሌላውን ወገን የነብሩ አጥንት ስለላጠው ነው። ጋሽ ወልደአረጋይ አንዴ እንዲያውም አዲስ ጫፍ ሊያስቀጥሉ አሊዩ አምባ ገበያ ወርደው ነበር። ብረት ሠሪው አገላብጦ አየና የተሰበረበት ቦታ አይታየኝም አላቸው። ዓይኑ ደክሟል ብለው አዝነውለት ተመለሱ።

ያን ሰሞን ግን ጎራዴው የተፈለገው ለሰርግ ማድመቂያ ሳይሆን ሰርግ ለማስቀረት ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የምትሠራው ልጃቸው ህሊና፣ ቢኒያም የሚባል የዚያው መምህር ወዳለች። ቢኒያም ጨዋ ልጅ ነው፣ ተምሯል፣ ክፉ አይወጣውም። ችግሩ ቤተሰቡ ነው። አባቱ አቶ ጌታሁን ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ጋሽ ወልደአረጋይ በተፈናቃይ አይጨክኑም፤ እህል አዋጥተዋል፣ ብርድ ልብስ ሰጥተዋል። ልጅ መስጠት ግን ብርድ ልብስ መስጠት አይደለም። ማንነቱን የሚመሰክርለት ጎረቤት፣ ይሄ ነው የሚለው ደጃፍ ለሌለው ሰው ልጅ እንዴት ይሰጣል?

ስለዚህ መልሳቸውን ቀድመው አሰናዱ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ጎራዴውን ከግድግዳው አውርደው የነብሩን ታሪክ ይነግሯቸዋል፤ ከዚያ “የእኛ ቤት ይሄ ነው፣ የእናንተስ ቤት የት ነው?” ይላሉ። ሰውየው የሚመልሰው አይኖረውም፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ይህችን ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ጮክ ብለው ሲለማመዱ ፈቃድ ወስዳ ቤት የከረመችው ህሊና ከጓዳ ስትሰማ፣ እህል መቅመስ ትታ ፊቷ ገረጣ። ግን የነብር ገዳይ ልጅ በልጁ ኩርፊያ አይመለስም።

እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ መጡ። ዘመድ ተበታትኖ የሚላክ ሰው ቢጠፋ አባትየው አቶ ጌታሁን ራሳቸው መጥተዋል። አብረዋቸው የመጠለያው ሰው የሚያከብራቸው ቄስ ማኅደረማርያም አሉ። ሦስተኛው ጋቢ የለበሰ ቻይና ነው።

ጋሽ ወልደአረጋይ ዓይናቸውን አሹ። የቢኒያም አለቃ ዶክተር ቶሺ ነው፣ አገሩም ህንድ ነው ተባሉ። ህንድ ምን እንደሚመስል ከፊልም ያውቃሉ፤ ይሄ ሰው ህንድ ከሆነ እሳቸው እንግሊዝ ናቸው። መንገድ ሊሠራ የመጣ ቻይና አግባብተው ጋቢ እንዳለበሱት ጠረጠሩ፤ ለእንግዳ ክብር ሲሉ ግን ዝም አሉ።

ወጉ ነውና ሽማግሌዎቹ መልስ ሳይሰሙ አይቀመጡም። ቄሱ ቆመው የመጡበትን ተናገሩ። ጥግ ላይ አጎዛቸው ላይ የተቀመጡት የጋሽ ወልደአረጋይ አክስት እማማ አበበች፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዓይናቸውን ከዶክተር ቶሺ አልነቀሉም።

ጋሽ ወልደአረጋይ ጎራዴውን አወረዱ። ነብሩን ከጫካ አስወጡት፣ አስጓሩት፣ ገደሉት። ጫፉ ራስ ቅሉ ውስጥ የቀረበት ቦታ ሲደርሱ የዶክተር ቶሺ ዓይን እንባ ሞላ። ታሪኩ ልቡን ነክቶት ነው ብለው ደስ አላቸውና ጎራዴውን አቀበሉት። ሰውየው በሁለት እጁ ተቀብሎ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

“ይሄ ዳኦ ነው” አለ። “የእኛ አገር ነው።”

ከዚያ በተሰባበረ ግን በሚገባ አማርኛ አስረዳ። አገሩ ከህንድ በሰሜን ምሥራቅ ጥግ፣ ከበርማ ጋር የሚዋሰን ናጋላንድ የሚባል ተራራማ ምድር ነው፤ ሰዉም እሱን ነው የሚመስለው። ይህ ዳኦ ጫፉ አልተሰበረም፤ መቁረጫ እንጂ መውጊያ ስላልሆነ ሲሠራም ጫፍ አልነበረውም። ስለቱ በአንድ ወገን የሆነውም ሆን ተብሎ ነው። ቀዩ ፀጉር ቀለም የተነከረ የፍየል ፀጉር ነው።

ጋሽ ወልደአረጋይ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። የነብሩ ነገር ባልከፋ፤ አባቴ ዋሽተውኛል ማለት ነው የሚለው ሐሳብ ግን አጥንታቸው ድረስ ዘለቀ። አንድ ቻይና ስለ አንኮበር ጎራዴ ምን ያውቃል ብለው ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ እማማ አበበች ቀደሟቸው።

“ያኛውም ህንድ ነኝ ነበር የሚል” አሉ።

የትኛው ተብለው ቢጠየቁ፣ መምህሩ ነዋ አሉ። በጃንሆይ ጊዜ ሒሳብ ሊያስተምር አንኮበር የመጣ ሰው ነበር፤ መልኩ ቁርጥ ይሄንን ነው። አገሩ ሁሉ ቻይናው እያለ ሲጠራው፣ ህንድ ነኝ ብሎ እንደማለ እንደተገዘተ ኖሮ ማንም ሳያምነው ሄደ። የመጣው በክረምት ነበር። መልኩ እንግዳ ሆኖበት ቤት የሚያከራየው ቢጠፋ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ዘሥላሴ ከቤቱ አስገብቶ አልጋውን ለቀቀለት። መምህሩ አገሩ ሲመለስ ይህን ብረት ሰጠው፤ ዘሥላሴም እንጨት ሲፈልጥበት ኖረ።

“ነብሩስ?” አሉ ጋሽ ወልደአረጋይ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

“ነብርማ ነበረ። ፍየላችንን በልቶ ሄዷል። አባትህ እንዲያ ያለህ ስለቱን እየነካህ ብታስቸግረው ሊያስፈራራህ ነው። አንተ ይዘኸው ሰርግ ወጣህ። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁምህ?”

ዶክተር ቶሺ ዳኦውን በሁለት እጁ መለሰላቸው። በአያቱ ዳኦ ውርስ ምክንያት አባቱና አጎቱ ተጣልተው እስከ ዛሬ እንደማይነጋገሩ ነገራቸው። ይህን ለሰው ሰጥቶ የሄደ ሰው፣ የሰጠው ለወንድሙ ነው አለ።

ጋሽ ወልደአረጋይ ብረቱን ይዘው ቆሙ። የቀረቻቸው ያቺ የተለማመዷት ጥያቄ ብቻ ናት፤ አፋቸው ለምዷታልና “የእናንተስ ቤት...” ብለው ጀመሩ።

“አባትህ ያን ሰው ቤትህ የት ነው አላለውም” አሉ እማማ አበበች። “ግባ ነው ያለው።”

ጋሽ ወልደአረጋይ ያን ጊዜ አቶ ጌታሁንን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩዋቸው። ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ የሚመጣውን ጥያቄ እንደሚያውቅ ሰው መሬት መሬት እያዩ ቆመዋል። በገዛ ራሳቸው አፈሩ።

“ለምን ትቆማላችሁ?” አሉ። “ቁጭ በሉ እንጂ።”

ቄሱ አማተቡና ተቀመጡ። አቶ ጌታሁን ግን የሰሙትን ማመን አቅቷቸው ቆመው ቀሩና ዶክተር ቶሺ እጃቸውን ይዞ አስቀመጣቸው። ከጓዳ አንድ ሳህን ወድቆ ሲሰበር ተሰማ፤ ህሊና ናት፣ ማንም አልተቆጣትም።

በሰርጉ ቀን ድንኳኑ ሞልቶ ጋሽ ወልደአረጋይ ዳኦውን ይዘው ተነሱ። ዘራፍ አሉ። እንግዳ ያስጠለለው፣ አልጋውን ለቆ መሬት የተኛው የዘሥላሴ ልጅ ብለው ሲፎክሩ ታዳሚው ግራ ተጋባ፤ ይህን አያውቀውም። ከድንኳኑ መጨረሻ ያ የባዮሎጂ መምህር አንገቱን አስግጎ ነብሩስ አላቸው። ጋሽ ወልደአረጋይ ወደ እማማ አበበች ዞር ብለው አዩ። እማማ አበበች ዓይናቸውን ተክለውባቸዋል።

“ነብሩማ” ብለው ጎርናናውን ድምፃቸውን አወጡት፣ ዳኦውን ወደ ላይ ነቀነቁት፣ “ፍየላችንን በልቶ በሰላም ሄደ!”

ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። ነብሩ ሲገደል በኖረባቸው ሰርጎች ሁሉ እንዲህ ያለ እልልታ ሰምተው አያውቁም።