ውሃ የበዛባቸው ቁልቋሎች

ፋርማሲስቷ ቁልቋል ከዘር ማብቀል የጀመረችው ባገባች በሁለተኛው ዓመት ነው። እሾህ የሌለው ዓይነት ነበር፤ ድብልብል፣ ግራጫ ያደላበት አረንጓዴ፣ ቢነኩት የማይወጋ። ዘሩ ከተፈጨ ቁንዶ በርበሬ አይበልጥም። በስንጥር ጫፍ እያነሳች፣ በተነፋ አሸዋና አፈር ላይ አንድ በአንድ አስቀመጠችው፤ በላስቲክ ሸፈነችው፤ ጠበቀች። በዓመቱ ምስር አከለ። በአራተኛው ዓመት የአውራ ጣት ጥፍር ደረሰ። አበባ ለማየት ገና ሌላ አምስት ስድስት ዓመት ይቀረዋል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቼ ነበር» ይላል ባሏ እየሳቀ። «ያንቺ ቁልቋል ግን እንቁላሉ ሄዶ፣ ዶሮ ሆኖ፣ የልጅ ልጅ አይቶም እሱ እዚያው ነው።»

አትቀየመውም ነበር። ቀኑን ሙሉ ከባንኮኒ ኋላ ቆማ «ቶሎ በይ፣ መኪና አቁሜ ነው የመጣሁት» ስትባል ለምትውል ሰው፣ ቤት ውስጥ የማይቸኩል ነገር መኖሩ ያሳርፋል። ሠላሳ አንድ ነበሩ፤ ሳሎን መስኮቱ ላይ በየትንንሽ ዕቃቸው ተደርድረዋል። ውሃ የምትሰጣቸው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው። ብርድ ሲገባ ጭራሽ አይጠጡም።

አማቷ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። መንገድ ላይ ጎረምሳ አስቁመው «አንተ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ነበርክ፤ እናትህን ሁለት ቀን ነው ያስጨነቅካት» የሚሉ ሴት ነበሩ። አማትና ምራት ዓይንና ናጫ ነው ይባላል እንጂ፣ እነዚህ ሁለቱ ይስማሙ ነበር። የደም ግፊት ኪኒናቸውን የምታመጣላቸውም እሷው ናት።

ብርዱ በገባ ሰሞን ነው ነገሩ የጀመረው። አንዱ ቁልቋል ጎኑ ቡናማ ሆነ፤ ስትነካው እንደ በሰበሰ ቲማቲም ሟሸሸባት። በሳምንቱ አራት ሆኑ። አፈሩ ይሆናል ብላ ቀየረች። ሻጋታ ይሆናል ብላ የመድኃኒት ዱቄት ነሰነሰች። በሦስተኛው ሳምንት አሥራ አንድ ጣለች። የሚገርመው አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ እሷ ደግሞ ከወር በላይ ጠብታ አላንጠባጠበችም።

እራት ላይ በባሏ ላይ ፈነዳችበት።

«ቀልድህ ሲበዛ እጅህም ገባበት አይደል? አራት ዓመቴን እኮ ነው የምታበሰብሰው!»

«እናቴ ትሙት አልነካሁም!» ብሎ ማለ፤ እናቱ አጠገቡ ተቀምጠው።

አማትየው ቀና አላሉም። «ቧንቧ የሚያንጠባጥብ እንዳለ እዩ» ብለው ሳህናቸውን ወደ ማድ ቤት ይዘው ሄዱ።

ረቡዕ ዕለት ተራዋን ከባልደረባዋ ጋር ተቀያይራ ቤት ዋለች። የመኝታ ቤቱን በር ገርበብ አድርጋ ተቀመጠች። አማቷ ኩባያ ይዘው መጡ፣ ሁሉንም አጠጡ፣ የፈሰሰውን በጨርቅ ጠርገው ተመለሱ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደግመው መጡ። በሦስተኛው ወጣች።

«እማማ፣ አጠጧቸው እንዴ?»

«ኧረ ዛሬ ገና ልነካቸው ነው። አንቺ ስትሮጪ ትውያለሽ፤ ደርቀው አሳዘኑኝ።»

ልትቆጣቸው ነበር። ግን የአሮጊቷን ግራ መዳፍ አየች። በእስክሪብቶ ተጽፎበታል፤ ውሃ አደብዝዞታል እንጂ ይነበባል፦ «ጠጥተዋል»። አማቷ ዓይኗን ተከትለው መዳፋቸውን አዩ፤ ጨበጡት። ከዚያ ሶፋው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ከመቼ ወዲህ ነው፣ እማማ?»

«ቆይቷል።» መዳፋቸውን በቀሚሳቸው አሹት። «ለልጄ እንዳትነግሪው፣ አደራ። እሱ ፊት መቅለል አልፈልግም። ቁልቋሉን እንደሆነ እተካልሻለሁ።»

እሺ ልትል አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ኪኒናቸው ትዝ አላት። መድኃኒታቸው ወዳለበት መሳቢያ ሄዳ ከፈተችው። ሠላሳ ፍሬ ያመጣችው ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ነው፤ በቀን አንድ የሚዋጥ። የቀረው አራት ነው። አማቷ ሰሞኑን ግድግዳ እየያዙ መሄድ ጀምረው ነበር፤ እሷም ባሏም እርጅና ነው ብለው አልፈውታል። ማሸጊያውን ይዛ ተመለሰች።

«እማማ፣ ይሄን መደበቅ አልችልም።»

«አንድ ሳምንት ስጪኝ፣ ልጄ።»

«አንድ ቀንም አልችልም።»

«እንግዲያው ለቁልቋልሽ ብለሽ አዋረድሽኝ።»

ባሏ ከሥራ ሲገባ ነገረችው። መጀመሪያ ጮኸባት፦ «ለጥፍር ለምታህል ተክል ብለሽ እናቴን ጃጀች ልትይ ነው?» የኪኒናውን ማሸጊያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ቆጠረው። ደግሞ ቆጠረው።

«ራሴን አዞረኝ ስትለኝ እኮ» አለ ድምፁ እየተቆረጠ፣ «ምግብ ስለማትበዪ ነው እያልኩ እቆጣት ነበር።»

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ግፊታቸው ወርዶ ወርዶ፣ ሐኪሙ ቆመው መምጣታቸውን እንደ ተአምር አየው። እሱን አስተካከሉላቸው። መርሳቱ ግን መመለሻ የለውም አለ፤ ማዘግየት ነው እንጂ።

ከሠላሳ አንዱ ሰባት ቁልቋል ተረፈ። ፋርማሲስቷ ወደ ሥራ ቦታዋ ወስዳ መስኮት ላይ አስቀመጠቻቸው። አማቷ ከዚያ ወዲያ ብዙ ነገር ረሱ፤ የጎረቤት ስም፣ የራሳቸውን ክፍል በር። ያቺን ረቡዕ ግን አልረሱም። ምራታቸውን «አሳባቂዋ» ነው የሚሏት፤ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም።

«ከእሷ እጅ ኪኒና አልውጥም» ብለው ስለማሉ፣ ጠዋት ጠዋት ፍሬዋን ከማሸጊያው አውጥታ በባሏ መዳፍ ታኖራለች። እሱ ይዞ ሲገባ እሷ ከበሩ ኋላ ቆማ ታዳምጣለች።

«ዋጠች» ይላታል ሲወጣ።

ያኔ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።