ሳሙና ያወጣው ጣት

የብርቅዬ ልጅ ምንም አልጎደለውም፤ እንዲያውም ተርፎታል። በግራ እጁ፣ ከትንሿ ጣቱ ጎን፣ ሽምብራ የምታክል፣ ጥፍር ያላት፣ ሲነኳት የምትወዛወዝ አንዲት ትርፍ ጣት ተንጠልጥላለች። ብርቅዬ ባየቻት ቁጥር ሳቋ ይመጣል። «ኧረ አንተ፣ ይቺን ደግሞ ምን ልትሠራባት ይዘሃት መጣህ?» እያለች ትስማታለች።

አማቷ ወይዘሮ ወለተ ሐና ግን አልሳቁም። አዋላጇ ልጁን ገልጣ ባሳየቻቸው ቅጽበት ፊታቸው ጠቆረ። «በእኛ ወገን እስከ ሰባት ቤት ብትቆጥሩ ስድስት ጣት የለም! ከነአኩቶ ለአብ እስከ ጋሸና ጠይቁ! ይሄ ልጅ የየሻው አይደለም» አሉ።

«ታዲያ የማን ነው?» ሲባሉ መልስ አላጡም። ብርቅዬን ባለፈው ዓመት ከጋሸና ገበያ ከነእህሏ ጭኖ ያመጣት አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ የእሱ ነው አሉ። የሾፌሩን ጣት የቆጠረ ሰው ግን በአገሩ አልነበረም።

ብርቅዬ አለቀሰች፣ ማለች፣ ተገዘተች። ባሏ የሻውስ? የሻው የዋህ ነው፤ እናቱን ሲያይ እናቱን ያምናል፣ ሚስቱን ሲያይ ሚስቱን ያምናል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑበት ደግሞ ማጭዱን አንስቶ፣ አጨዳ ባይኖርም፣ ወደ ማሳ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ባል በእውነቱ አንጀት ያቆስላል።

ነገሩ ክርስትናው ሲቃረብ ባሰ። «የማን ልጅ ተብሎ ነው ክርስትና የሚነሳው? ይዛው ወደ ሙጃ፣ ወደ አባቷ አገር ትግባ» አሉ ወለተ ሐና፤ ቀኑንም ቆረጡ። የቁርጡ ቀን ጠዋት የብርቅዬ ቁርበትና ቅል አህያ ላይ ተጭኖ፣ እሷም ልጇን አዝላ፣ ደጅ ቆመች።

እንግዲህ ያ ቀን ነው ከከተማ ተመራማሪዎች የመጡበት። አብዮቱ ከፈነዳ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ አራጋው ከማለዳ ጀምሮ ሕዝቡን ከትልቁ ወይራ ሥር ሰብስቦ «ሳይንስ ወደ ቀያችን መጥቷል!» እያለ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ። ዶክተር ሐቢባ የምትባል የደሴ ልጅ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ጠረጴዛ ላይ ቀለምና ወረቀት ዘርግታለች።

«በዘር የሚወርደውን ነው የምናጠናው። የመዳፍ መስመር፣ የጣት ቅርጽ፣ አንዳንድ በሽታ ጭምር ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ። እጃችሁን ቀለም ነክራችሁ እዚህ ታትማላችሁ፤ ማን ከማን እንደተወለደ ትነግሩናላችሁ። በቃ፣ ይኸው ነው» አለች።

ማንም ንቅንቅ አላለም። አንዱ «ለሚሊሺያ ሊመዘግቡን ነው» ሲል፣ ሌላው «ኧረ መሬታችንን ሊወስዱ ነው» አለ። ጓድ አራጋው ራሱ እጁን ኪሱ ከተተ።

ዶክተር ሐቢባ ይሄኔ ከመኪናው ካርቶን አወረደች። «ቀለሙን መታጠቢያ ሳሙና ለእያንዳንዱ ሰው ይሰጣል። የተረፈውን ይዛችሁ መሄድ ነው።»

ሳሙና! ከገበያ ሳሙና ከጠፋ ስንት ጊዜው! አገሩ ሁሉ በእንዶድ እያጠበ ነው። ወይራው ሥር ግፊያ ሆነ፤ ሚሊሺያውም መሬቱም ተረሳ። አንዱ ታትሞ፣ ታጥቦ፣ ኮፍያ ቀይሮ ተመለሰ። ሌላው ክንዱ ላይ ያለውን ኪንታሮት «ይሄም ጣት ነው፣ ለብቻው ሳሙና ይገባዋል» ብሎ ድርቅ አለ።

ወሬው ወለተ ሐና ጆሮ ደረሰ። አህያዋን ሊነዱ ያነሱት ዱላ አየር ላይ ቀረ። «አህያዋ ትቆይ» አሉ። ልባቸው ውስጥ የቤቱ ሰው እጅ በሙሉ ሳሙና ሆኖ ተደረደረ። ልጃቸውን በአንድ እጅ፣ ባላቸውን ቄስ ገብረመስቀልን በሌላው እጅ እየጎተቱ ወደ ወይራው ገሰገሱ። ብርቅዬም ልጇን እንዳዘለች ተከተለች። ምን ትሁን፣ ብቻዋን ከአህያዋ ጋር ትቁም?

ቄሱ ግን ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ እንቢ አሉ። «መስቀል የምይዝበትን እጅ ቀለም ልነክረው?»

«ግራዎን ይንከሩ!» ብለው አንባረቁ ወለተ ሐና። «ጥምጥምዎ ጠቁሮ ሰው ሁሉ እየሳቀብኝ ነው! ግራዎን!»

ቄሱ ግራቸውን ነከሩ፤ ወረቀቱም ላይ አሳረፉ። ዶክተር ሐቢባ ወረቀቱን አንስታ አየችው። ከትንሿ ጣት ጎን አንዲት ክብ ጥቁር ነጥብ ታትማለች።

«አባ፣ እዚህ ጋ ምንድነው?»

«እሷማ ኪንታሮት ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ አለች።»

ሐኪሟ እጃቸውን ይዛ አገላበጠች፤ ቦታውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። «ኪንታሮት አይደለም። እዚህ ላይ ስድስተኛ ጣት ነበርዎት። ጨቅላ ሳሉ በክር ወይም በፈረስ ጭራ አስረውት፣ ደርቆ ወድቋል። ይቺ የቀረች ጉቶ ናት።»

ቄስ ገብረመስቀል እጃቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩ። «እናቴ...» አሉ። «እናቴ ነፍሷን ይማርና፣ ለቅዳሴ ስወጣ ሁልጊዜ እዚህችው ላይ ትስመኝ ነበር። ‹ይቺን ለእግዜር ገብሬያታለሁ› ትለኛለች። እኔ ምርቃት መስሎኝ! ትርፍ ጣት ያለው አይቀስስም ሲባል ሰምታ ነው... አይ እናቴ!»

ብርቅዬ ሰዉን ገፍታ ወደ ፊት ወጣች። ልጇን ከጀርባዋ አወረደችና የቀለሙ ጠረጴዛ ላይ አስተኛችው። «ዶክተር፣ በፈጠረዎት፣ ይሄንንም ይዩልኝ! የባሌ የየሻው ልጅ አይደለም ብለው ሊያባርሩኝ ነው!»

ሐቢባ የሕፃኑን ግራ እጅ ከአያቱ ግራ እጅ አጠገብ ያዘች። ያው እጅ፣ ያው ቦታ። «ይሄ በዘር የሚወርድ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ይዘላል፤ አባትየው ላይ ሳይታይ ያልፍና ልጅየው ላይ ይወጣል። ወላሂ፣ የሻው አይደለም አባቱ የሚል ካለ እስቲ እዚህ ይምጣና ይንገረኝ!»

«ሾፌሩስ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ወይራው ሥር ያለው ሰው በሳቅ ፈረሰ። ቄሱ እያለቀሱ ሳቁ። የሻው «ልጄ! ልጄ!» እያለ ሮጦ አህያዋን ሊያራግፍ ሄደ። «አንተን በኋላ አገኝሃለሁ!» አለች ብርቅዬ ከኋላው፤ ግን ደስታው እግሯን አላስቆም ብሏታል፤ ልጇን መልሳ አዝላ፣ የጠፋ ከብቱን እንዳገኘ ሰው ብቻዋን እልል አለች።

ወለተ ሐና ብቻ አልሳቁም። ጎንበስ አሉ፤ በደለኛ እንደሚያደርገው ከመሬት ድንጋይ አንስተው ማጅራታቸው ላይ አደረጉ፤ መጥተውም ምራታቸው ፊት ተንበረከኩ። «አጥፍቻለሁ ልጄ። ይቅር በይኝ።»

ብርቅዬ ቁልቁል አየቻቸው። ያ ሁሉ እንባ፣ ያ ሁሉ ስድብ ትዝ አላት፤ እና ድንጋዩን አየችው። እንቁላል የምታክል ናት።

«ድንጋዩ አነሰ፣ እትዬ» አለች።

ወለተ ሐና ቀና ብለው አዩዋት። ተነሱ፤ ሄዱ፤ ጠረጴዛው እንዳይወዛወዝ የተደገፈበትን ትልቁን ድንጋይ መንጭቀው አወጡ። ቀለሙ ተደፍቶ ጓድ አራጋው ላይ ፈሰሰ። እያቃሰቱ ተሸክመው ተመልሰው ተንበረከኩ። ብርቅዬ ይሄን ስታይ መሳቅም ማልቀስም አንድ ላይ መጣባት። ድንጋዩን በሁለት እጇ አወረደችላቸውና በምትኩ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ትከሻቸው ላይ አደረገችው። «ይሄን ይሸከሙልኝ፤ ይበቃኛል» አለች።

ወለተ ሐና ሕፃኑን ደረታቸው ላይ አቀፉት፤ ግራ እጁን ፈልገው አወጡና ያቺን ሽምብራ የምታክል ጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳሟት። ብዙ ቆዩባት። ከዚያ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ወደ ዶክተሯ ዞሩ።

«የዚህስ እጅ አይታተምም? ሳሙና ይደርሰዋል እኮ!»